መልሱ ወደ አልጋው ይመለስ፦ ማኒፌስቶ ከቦምቤ

እኛ በቦምቤና በዙሪያዋ፣ በአረካ፣ በሶዶና በመላው ወላይታ የምንኖር ሐኪሞች፣ ጤና መኮንኖች፣ ነርሶች፣ አዋላጆች፣ የላብራቶሪ ባለሙያዎች፣ ፋርማሲስቶች፣ የጽዳት ሠራተኞች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ መምህራን፣ አርሶ አደሮችና ወላጆች ነን። ይህን ማኒፌስቶ ያወጣነው ለአንድ ዓላማ ነው። መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች ከአልጋ ወደ አልጋ፣ ከሆስፒታል ወደ ሆስፒታል ሲዘዋወሩ መንገዳቸው በዘረመላቸው ተነብቦ ይታወቅ፤ የታወቀውም ነገር ናሙናው ወደ ተወሰደበት አልጋ ይመለስ።

ቦምቤ ትንሽ ከተማ ናት። ስለ ጂኖም፣ ማለትም ስለ ጀርሙ ሙሉ ዘረመል፣ የሚወራው አዲስ አበባ ባሉ አዳራሾች ነው። «እንዲህ ያለ ጥሪ እንዴት ከወረዳ ይነሣል?» ለሚለን መልሳችን አጭር ነው፤ ጀርሙ ከወረዳም ይነሣል፣ ወደ ወረዳም ይመጣል። እሱ ያልናቀውን ቦታ ሳይንሱም ሊንቀው አይገባም።

አንድ፦ ያለንበት ሁኔታ

በተወለደ በሦስተኛው ቀን ጡት እምቢ ያለ፣ ሰውነቱ የጋለ ወይም የቀዘቀዘ ሕፃን ወደ ሆስፒታል ሲመጣ የሚጀመርለት መድኃኒት በመመሪያ የታወቀ ነው፤ አምፒሲሊንና ጄንታማይሲን። ካልተሻለው ከፍ ወዳለ መድኃኒት ይሸጋገራል፤ ያም ካልሠራ ሪፈር ይጻፍለታል። በሪፈር ወረቀቱ ላይ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑና የተሰጠበት ቀን ይሰፍራል። የጀርሙ ስም ግን አይሰፍርም፤ ካልቸር (ጀርሙን በላብራቶሪ አብቅሎ የመለየት ምርመራ) በማይሠራበት ቦታ ጀርሙን የሚያውቀው የለምና። ሕፃኑ በአምቡላንስ ሲሄድ ጀርሙ አብሮት ይሳፈራል። የተቀበለው ሆስፒታልም ማንን እንዳስተኛ ሳያውቅ ያስተኛዋል።

መንገዱ በሌላ አቅጣጫም ይሠራል። በትልቅ ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ወደ ቀበሌው የተመለሰ ሰው ቁስሉን ለማስጠረግ ወደ ጤና ጣቢያ ይመጣል። ቁስሉ ያልደረቀው በምን ምክንያት እንደሆነ የሚነግር ወረቀት በእጁ የለም። ነርሷ ታጥባለች፣ ትሸፍናለች፣ ኪኒን ይታዘዝለታል። ቀጥሎ የሚመጣው ሕመምተኛ በዚያው ወንበር ላይ ይቀመጣል።

የሀገራችን የጤና ሥርዓት በሦስት ደረጃ ተዘርግቷል። የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000 ሕዝብ፣ አጠቃላይ ሆስፒታል ከ1 እስከ 1.5 ሚሊዮን፣ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ከ3.5 እስከ 5 ሚሊዮን ሕዝብ እንዲያገለግል የታሰበ ነው። ይህ ሰንሰለት ብዙ ነፍስ አትርፏል። ነገር ግን ሕመምተኛውን ከታች ወደ ላይ የሚያደርሰው መንገድ ጀርሙንም ያደርሳል፤ መረጃው ብቻ ከመንገድ ይቀራል።

የጥፋቱ መጠን ተለክቷል። እ.ኤ.አ. በ2022 በላንሴት መጽሔት የታተመው ዓለም አቀፍ ጥናት እንዳሳየው፣ በ2019 ዓመት ብቻ 1.27 ሚሊዮን ሰዎች በቀጥታ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት ሞተዋል፤ 4.95 ሚሊዮን ሞት ደግሞ ከእነርሱ ጋር የተያያዘ ነበር። ከዓለም ክፍሎች ሁሉ የሞቱ መጠን የከፋው ከሰሐራ በታች ባለው የአፍሪካ ክፍል፣ በተለይም በምዕራቡ ነው። በ2024 የወጣው ተከታይ ጥናት አሁን ባለው አካሄድ ከቀጠልን ከ2025 እስከ 2050 ባለው ጊዜ 39 ሚሊዮን ሰዎች በቀጥታ በዚህ ምክንያት እንደሚሞቱ ተንብዮአል።

የእኛ ሀገር ቁጥርም ዝም አይልም። እ.ኤ.አ. በ2016 እና በ2019 የተደረጉት የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች ሲነጻጸሩ፣ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ሞት ከ1,000 ውስጥ ከ67 ወደ 59 ወርዷል። በተወለዱ በ28 ቀን ውስጥ የሚሞቱት ግን ከ29 ወደ 33 ሆኑ። ክትባቱና የጤና ኤክስቴንሽኑ ከፍ ያሉትን ልጆች ሲያድን፣ ጨቅላው ወደ ኋላ ቀረ። ለዚህ ብዙ ምክንያት አለ፤ ያለ ጊዜ መወለድ አለ፣ በወሊድ ጊዜ መታፈን አለ። በደም ውስጥ የሚገባ ኢንፌክሽን ግን ከዋናዎቹ አንዱ ነው፤ ይኸኛው ደግሞ መድኃኒት እምቢ ሲል ባለሙያውን ባዶ እጁን ያስቀረዋል።

ሁለት፦ ወላይታ ይህን ነገር ያውቀዋል

ባክቴሪያ ለእኛ አዲስ ጠላት አይደለም። እንሰታችንን የሚያደርቀው አጠውልግ ባክቴሪያ ነው። ኢትዮጵያዊው ሊቅ ዳኛቸው ይርጉ ከብራድበሪ ጋር ሆነው ይህን ጀርም ለዓለም ሳይንስ የገለጡት እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። የወላይታ ገበሬም በሽታው በምን እንደሚሄድ ያውቃል፤ የታመመውን እንሰት የቆረጠ ቢላዋ ሳይጸዳ ጤነኛውን ከቆረጠ በሽታውን ያሻግረዋል። ስለዚህ ቢላዋ በእሳት ይለበለባል፣ የታመመው ተነቅሎ ይቀበራል፣ ከብት ወደ ማሳው እንዳይገባ ይከለከላል። በሆስፒታል ክፍል ውስጥ ያ ቢላዋ የእኛ እጅ ነው፤ ካኑላው፣ የሳክሽን ቱቦው፣ የኢንኩቤተሩ በር ነው።

ዝንጅብላችንም አለ። ወረዳችን ቦሎሶ ቦምቤና አካባቢው በዝንጅብል ይታወቅ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2012 አካባቢ ጀምሮ የዝንጅብል አጠውልግ ማሳውን አጠፋው። ጀርሙ በተበከለ ዘር ውስጥ ተሸሽጎ ከማሳ ወደ ማሳ ተጓዘ፤ ገበሬው የገዛው ጤነኛ የሚመስለውን ዘር ነበር። ምልክት እስኪታይ የጠበቀ ሁሉ ዘገየ።

የእንሰቱ ጀርም ድንበር ተሻግሮ እ.ኤ.አ. በ2001 በዩጋንዳ የሙዝ ማሳ ላይ ሲገኝ ተመራማሪዎች ዝም ብለው አልተቀመጡም። ጂኖሙን አነበቡ። በ2012 ባወጡት ጽሑፍ በምሥራቅና በመካከለኛው አፍሪካ የተሰራጨው ባክቴሪያ በሁለት የተለያዩ የዘር ሐረጎች የሚከፈል መሆኑን አሳዩ። ይህን ሥራ እናከብራለን፤ ኑሯችን የቆመው በእንሰት ነውና። ነገር ግን እንጠይቃለን፤ ለእንሰት ጠላት ይህ ክብር ከተሰጠ፣ በወረዳ ሆስፒታል ሕፃን የሚገድለው ጀርም የዘር ሐረግ ለምን አይነበብም?

ሦስት፦ የዘረመል ንባብ ምን ይነግረናል

ካልቸርና ሴንሲቲቪቲ ሁለት ጥያቄ ይመልሳል፤ ጀርሙ ማን ነው? የትኛው መድኃኒት ይገድለዋል? ለአንድ ሕመምተኛ ሕክምና ይህ ዋናው ነው። የጂኖም ንባብ ደግሞ ሦስተኛውን ጥያቄ ይመልሳል፤ ከየት መጣ? ክሌብሲየላ ኒሞኒዬ የተባለው ባክቴሪያ ወደ 5 ሚሊዮን ተኩል የሚጠጋ የዲኤንኤ ፊደል አለው። ከሁለት ሕሙማን የተወሰዱ ሁለት ክሌብሲየላዎች በጥቂት ፊደል ብቻ ከተለያዩ፣ አንዱ ከሌላው ወይም ሁለቱም ከአንድ ምንጭ በቅርብ ጊዜ እንደተገኙ መገመት ይቻላል። በሺዎች ከተለያዩ፣ በአንድ ክፍል የተገናኙት በአጋጣሚ ነው። የመጀመሪያው ውጤት «ክፍላችሁን ፈትሹ» ይላል። ሁለተኛው «መድኃኒት አሰጣጣችሁንና ከውጭ የሚመጣውን ፈትሹ» ይላል። ሳያውቁ ሁለቱንም በጭፍን መሞከር ጉልበትም ገንዘብም ይጨርሳል።

ሌላም አለ። መድኃኒትን የመቋቋም ዘረመል ብዙ ጊዜ ፕላዝሚድ በሚባል ትንሽ ክብ ዲኤንኤ ላይ ይሳፈራል። ፕላዝሚዱ ከክሌብሲየላ ወደ ኢ. ኮላይ፣ ከኢ. ኮላይ ወደ ሌላ ዝርያ ይዘላል። በካልቸር ሦስት የተለያዩ ጀርሞች ሦስት የተለያዩ ችግሮች ይመስላሉ። በጂኖም ሲታዩ ግን አንድ ፕላዝሚድ ሦስቱንም ሲያስታጥቅ ሊገኝ ይችላል።

ይህ ወሬ እንዳይመስል ማስረጃ እንጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ ቤተዝዳ፣ የብሔራዊ የጤና ተቋሙ የራሱ ሆስፒታል ውስጥ፣ መድኃኒት የማይበግረው ክሌብሲየላ ያለባት ታማሚ ተኝታ ታክማ ወጣች። ከሳምንታት በኋላ ሌላ ታማሚ ላይ ተመሳሳይ ጀርም ተገኘ፤ በመካከላቸው ግንኙነት አለ ብሎ ማመን አስቸጋሪ ነበር። በመጨረሻ 18 ሰዎች ተይዘው 11ዱ ሞቱ፤ ከእነዚህም የስድስቱ ሞት ምክንያት ኢንፌክሽኑ ነበር። ጂኖሙ ሲነበብ ሁሉም ከመጀመሪያዋ ታማሚ እንደተነሣና ቢያንስ በሦስት የተለያዩ ጊዜያት ከእሷ ወደ ሌሎች እንደተሻገረ ታወቀ። በዓለም ካሉት ሀብታም ሆስፒታሎች አንዱ እንኳ በዓይኑ ያላየውን ያየው በዘረመል ነው።

በእኛም ሀገር ማስረጃ አለ። ባርናርድስ የተባለው ጥናት እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2017 ኢትዮጵያን ጨምሮ በሰባት ሀገሮች 36,285 ጨቅላ ሕፃናትን መዘገበ። የእኛ ተሳታፊ የአዲስ አበባው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሜዲካል ኮሌጅ ነበር። 2,483 ሕፃናት በካልቸር የተረጋገጠ የደም ኢንፌክሽን ተገኘባቸው፤ 916 ባክቴሪያዎች ጂኖማቸው ተነበበ። ቀዳሚው የኢንፌክሽኑ ምክንያት ክሌብሲየላ ኒሞኒዬ ሆነ። የተገኙት ጀርሞች ለጨቅላ ሕክምና የሚሰጡትን ጨምሮ ብዙ ዓይነት መድኃኒቶችን የተላመዱ ነበሩ። ይህ ትልቅ ዕውቀት ነው። ትልቅነቱ ግን እያንዳንዱ ክፍል የራሱን ጀርም ዛሬ እንዲያውቅ አያደርገውም፤ የጀርሙ ስርጭት በየሆስፒታሉና በየወሩ ይለያያልና።

አራት፦ የምንቆምባቸው መርሆዎች

1. *ከጂኖም በፊት ካልቸር።* ያልበቀለ ጀርም አይነበብም። የአፍሪካ የላብራቶሪ ሕክምና ማኅበርና አጋሮቹ በ14 የአፍሪካ ሀገሮች ባደረጉት ጥናት ከ50,000 ላብራቶሪዎች ውስጥ የባክቴሪያ ምርመራ የሚሠሩት 1.3 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኝተዋል። ያለ ደም ካልቸር ጠርሙስ፣ ያለ ሚዲያ፣ ያለ ሠለጠነ ሰው የጂኖም ማሽን መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። የመጀመሪያው ትግላችን ለካልቸር ነው።

2. *መልስ የማይመለስበት ናሙና አይወሰድ።* ደማችን ተቀድቶ፣ ጀርማችን በፍሪጅ ተጭኖ፣ ከዓመታት በኋላ በውጭ መጽሔት ላይ በሠንጠረዥ ብቻ መታየት ይብቃው። ናሙና የወሰደ ሁሉ መቼና ለማን መልስ እንደሚሰጥ አስቀድሞ ይጻፍ።

3. *ያገኘ አይቀጣ።* እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 የቦትስዋናና የደቡብ አፍሪካ ሳይንቲስቶች ኦሚክሮንን በጂኖም ንባብ አግኝተው ለዓለም ሲያሳውቁ የተከፈላቸው ዋጋ የበረራ እገዳ ነበር። ይህን ስሕተት በሆስፒታሎቻችን ውስጥ አንድገመው። ወረርሽኝ አገኘሁ ያለ ሆስፒታል ስሙ ቢጠፋ፣ ሥራ አስኪያጁ ቢገመገም፣ ቀጣዩ ሆስፒታል ዝም ይላል። ጀርሙን የተሸከመች ነርስ ብትገኝ ትታከማለች እንጂ አትከሰስም። በእንግሊዝ ካምብሪጅ በጨቅላ ሕፃናት ክፍል የተነሣ የስታፊሎኮከስ (ስታፍ) ባክቴሪያ ወረርሽኝ ምንጩ ሳያውቀው ጀርሙን የተሸከመ ሠራተኛ ሊሆን እንደሚችል ጂኖሙ በጠቆመ ጊዜ የተደረገውም ሕክምና ነበር።

4. *የምንከተለው ጀርሙን ነው፣ ሰውን አይደለም።* ከናሙናው ጋር የሚነበብ የሰው ዲኤንኤ ካለ ተለይቶ ይጥፋ። የታካሚው ስም በኮድ ይተካ። ሀገራችን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አላት፤ ሕጉ በሆስፒታል በር ላይ አይቁም፣ ይግባ።

5. *መረጃው የሀገር ነው፣ ጥቅሙ የሰው ሁሉ።* በጤፍ የሆነብንን አንረሳም፤ አንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ በጤፍ አዘገጃጀት ላይ በአውሮፓ ፓተንት ያዘ፣ የሄግ ፍርድ ቤት ፓተንቱን በኔዘርላንድስ ውድቅ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2018 ነበር። የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አዋጅ ቁጥር 482/1998 ያለን ለዚህ ነው። የባክቴሪያ ጂኖም ለሕዝብ ጤና በዓለም አቀፍ መዝገብ ክፍት ይሁን እንላለን። ነገር ግን መጀመሪያ የሚተነትነው፣ የሚጽፈውና የሚሠለጥንበት የእኛ ሰው ይሁን።

6. *ዕውቀት ያለ ውኃ ከንቱ ነው።* ጂኖሙ «ጀርሙ በእጅ ተሻገረ» ካለን በኋላ እጅ የሚታጠብበት ውኃ ከሌለ የነገረን ነገር ለቁጭት ብቻ ይሆናል። ቧንቧ፣ ሳሙና፣ አልኮል፣ ጓንት፣ የሚሠራ አውቶክሌቭ፣ በቂ የጽዳት ሠራተኛ የዘረመል ቅኝት ክፍል ናቸው። በጀታቸውም አንድ ላይ ይያዝ።

አምስት፦ ለሚቃወሙን

«ይህ የሀብታም ሀገር ቅንጦት ነው» ይሉናል። ጂንኤክስፐርት ማሽን በወረዳ ሆስፒታሎች ተተክሎ የቲቢ ጀርም ሪፋምፒሲንን መላመዱን በሁለት ሰዓት ገደማ ይናገራል። ያ ማሽን የሚያየው ዘረመል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሲፈቅደው፣ እ.ኤ.አ. በ2010፣ ያኔም «ለአፍሪካ ወረዳ አይሆንም» ያሉ ነበሩ። ዛሬ ያለ እሱ የቲቢ ሥራ አይታሰብም። በእጅ መዳፍ የሚያዝ የናኖፖር ማሽን በሻንጣ ተጭኖ እ.ኤ.አ. በ2015 ጊኒ ውስጥ በኢቦላ ወረርሽኝ መካከል የቫይረሱን ጂኖም አንብቧል። ሁሉም ወረዳ ማሽን ይኑረው አላልንም፤ ሁሉም ወረዳ ከማሽኑ ጋር ይገናኝ ነው ያልነው።

«አዲስ አበባ ይበቃል» ይሉናል። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2017 መድኃኒት የተላመዱ ጀርሞችን ብሔራዊ ቅኝት ሲጀምር የተነሣው ከአራት ቦታዎች ነበር፤ ከራሱ የባክቴሪዮሎጂ ማጣቀሻ ላብራቶሪ፣ ከጥቁር አንበሳ፣ ከጎንደር ዩኒቨርሲቲና ከመቀሌው ዓይደር ሆስፒታል። ለጅምር ትክክል ነበር። ነገር ግን በሪፈራል ሆስፒታሎች ብቻ የሚታየው የመጨረሻው ምዕራፍ ነው፤ ብዙ መድኃኒት የወሰደ፣ ብዙ ቦታ የተኛ ሕመምተኛ እዚያ ይደርሳል። ጀርሙ ከየት እንደተነሣ ለማወቅ ከታች መጀመር ያስፈልጋል።

«ማሽን ተሰጥቶናል» የሚሉም አሉ። ከኮቪድ ወረርሽኝ ወዲህ በአፍሪካ ብዙ የጂኖም ማንበቢያ መሣሪያ ተተክሏል። የአፍሪካ በሽታ መከላከልና መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ መቀመጫው በራሳችን ዋና ከተማ የሆነው፣ የጂኖም ፕሮግራሙን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። መሣሪያው ግን ብቻውን አያነብም፤ ሬጀንት በወቅቱ መግባት አለበት፣ የሚጠግነው የባዮሜዲካል ባለሙያ መኖር አለበት፣ የሚተነትነው የባዮኢንፎርማቲክስ ሰው ደመወዝ ማግኘት አለበት። በእንግሊዝ መንግሥት ገንዘብ ይንቀሳቀስ የነበረው ፍሌሚንግ ፈንድ እንደሚዘጋ እ.ኤ.አ. በ2025 መነገሩ በብዙ ሀገሮች የተጀመረውን የመድኃኒት መላመድ ቅኝት አናግቷል። ሥራን በለጋሽ ፈቃድ ላይ ብቻ የሠራ፣ ለጋሹ ሲሄድ ባዶ ቤት ይቀረዋል።

«ሐኪሙ ውጤቱን እየጠበቀ ሕመምተኛው ይሞታል» የሚለው ሥጋት ትክክለኛ ነው፤ ስለዚህ ግልጽ እናድርግ። ሕክምና ጂኖምን አይጠብቅም። ሕመምተኛው ወዲያው ይታከማል፣ መድኃኒቱ በካልቸር ውጤት ይስተካከላል። ጂኖሙ የሚሠራው ለቀጣዩ አልጋ ነው፤ ገና ላልታመመው ሕፃን።

ስድስት፦ የምንጠይቀው

*ከጤና ሚኒስቴርና ከኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት።* የቅኝቱ መረብ እስከ መጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ይዘርጋ። የቲቢና የኤችአይቪ ናሙና በፖስታ አገልግሎት እንደሚጓጓዘው የባክቴሪያ ናሙናም በቀዝቃዛ ሳጥን ደኅንነቱ ተጠብቆ ይጓጓዝ። የካልቸር ሚዲያና የደም ካልቸር ጠርሙስ በመደበኛ የመድኃኒት አቅርቦት ዝርዝር ውስጥ ይግባ፤ «አልቋል» የሚለው ቃል ለአምፒሲሊን እንደማይፈቀድ ለካልቸር ጠርሙስም አይፈቀድ።

*ከደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ጤና ቢሮ።* ክልሉ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሲመሠረት ወላይታ ሶዶ የፖለቲካና የአስተዳደር ማዕከሉ ሆናለች። አዲስ ክልል አዲስ ልማድ የመፍጠር ዕድል አለው። በሶዶ አንድ የክልል የባክቴሪዮሎጂና የዘረመል ቅኝት ማዕከል ይቋቋም፤ በራሱ በጀት፣ በራሱ የሥራ መደብ።

*ከወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ።* የባዮሎጂ፣ የሕክምና ላብራቶሪና የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጡ። የአረካ ግብርና ምርምር ማዕከል የእንሰትን ጀርም የሚያውቁ ሰዎች አሉት፤ የሰውን፣ የእንስሳንና የተክልን ባክቴሪያ የሚያጠኑ ሰዎች አንዱ ሌላውን ይወቅ። ባዮኢንፎርማቲክስ በአማርኛም በወላይትኛም ሊብራራ ይችላል፤ ማብራሪያው ለነርሷና ለወላጁ እንዲገባ ሆኖ ይጻፍ።

*ከሆስፒታል አስተዳዳሪዎች።* የኢንፌክሽን መከላከል ኮሚቴ በወረቀት ላይ የሚኖር ስም አይሁን። የጽዳት ሠራተኛ አባል ይሁን፤ የትኛው ገንዳ እንደሚደፈን፣ የትኛው አልጋ ቶሎ እንደሚለዋወጥ ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። የካልቸር ውጤት በየወሩ ተጠቃሎ በየክፍሉ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ።

*ከፋርማሲዎችና ከመድኃኒት መደብሮች።* የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 እያለ ፀረ ባክቴሪያ ያለ ማዘዣ፣ አንዳንዴም በፍሬ ተቆጥሮ ይሸጣል። ይህ ይቁም። የዓለም ጤና ድርጅት መድኃኒቶቹን በሦስት መደብ ከፍሏቸዋል፤ በቅድሚያ የሚሰጡ፣ በጥንቃቄ የሚሰጡና ለመጨረሻ የሚቆጠቡ። ሴፍትሪያክሶን ከሁለተኛው መደብ ነው፤ ለማንኛውም ትኩሳት የሚወጋ መርፌ ሆኖ መቅረት የለበትም።

*ከለጋሾችና ከውጭ ተመራማሪዎች።* ኑ፣ በራችን ክፍት ነው። ስትመጡ ግን ስትሄዱ ምን እንደሚቀር ጻፉልን።

ሰባት፦ የምንገባው ቃል

የምንጠይቅ ብቻ አይደለንም። እኛ ነርሶችና አዋላጆች ከታካሚ ወደ ታካሚ ስንሄድ እጃችንን ለማጽዳት፣ ውኃ ሲጠፋም በዝምታ ከማለፍ ይልቅ ጽፈን ለማሳወቅ ቃል እንገባለን። እኛ የላብራቶሪ ሰዎች መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ደም ለካልቸር እንዲወሰድ በሌሊትም ቢሆን ለመነሣት ቃል እንገባለን። እኛ ሐኪሞችና ጤና መኮንኖች የካልቸር ውጤት ሲመጣ ካርዱን ከፍተን ማዘዣውን ለማስተካከል፣ ሪፈር ስንጽፍም የጀርሙን ስም ለማስፈር ቃል እንገባለን። እኛ ፋርማሲስቶች «እባክህ ሁለት ፍሬ ብቻ» ለሚለን ዘመዳችን እምቢ ለማለት ቃል እንገባለን፤ ይህ ከሁሉም ቃል ከባዱ እንደሆነ እናውቃለን።

እኛ ወላጆች ልጃችን ስለተሻለው ብቻ መድኃኒት ላለማቋረጥ፣ የተረፈውንም ለጎረቤት ላለመስጠት ቃል እንገባለን። እኛ አርሶ አደሮች ለዶሮና ለከብት ያለ እንስሳት ሐኪም ትእዛዝ ፀረ ባክቴሪያ ላለመስጠት ቃል እንገባለን። እኛ መምህራን የቦምቤ ልጅ ባክቴሪያ ምን እንደሆነ፣ ዘረመል እንዴት እንደሚነበብ ሳያውቅ ከትምህርት ቤት እንዳይወጣ ለማድረግ ቃል እንገባለን።

ስምንት፦ ራዕያችን

የሚሆነውን እንዲህ እናየዋለን። ሰኞ ጠዋት በቦምቤ አንድ ሕፃን ታመመ። መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ደሙ በካልቸር ጠርሙስ ተቀዳ፤ ሕክምናው ወዲያው ተጀመረ። ረቡዕ ጀርሙ በቀለ፣ ሐሙስ የሴንሲቲቪቲ ውጤት መድኃኒቱን አስቀየረ፣ ሕፃኑ ጡት መጥባት ጀመረ። የበቀለው ጀርም በዚያው ሳምንት ሶዶ ደረሰ፣ ጂኖሙ ተነበበ። በቀጣዩ ሳምንት በቦምቤ ስልክ ጮኸ፦ «ይህ ጀርም ባለፈው ወር በሌላ ሆስፒታል በሁለት ሕፃናት ላይ ካገኘነው ጋር አንድ ነው። የጋራ ነገራቸውን ፈልጉ።» ተፈለገ፤ ተገኘ፤ ተቆረጠ። አራተኛው ሕፃን አልታመመም። ስሙን ማንም አያውቀውም፤ ያልታመመ ሰው መዝገብ የለውምና።

ይህ ቅዠት አይደለም፤ ለእያንዳንዱ እርምጃ የሚያስፈልገው ዕውቀት ዛሬ አለ። እ.ኤ.አ. መስከረም 2024 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ባወጣው የፖለቲካ መግለጫ ሀገሮች ከመድኃኒት መላመድ ጋር የተያያዘውን ሞት እስከ 2030 በ10 በመቶ ለመቀነስ፣ በሁሉም የጤና ተቋም መሠረታዊ ውኃና ንጽሕና እንዲኖር ለማድረግ ተስማምተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት የጂኖም ቅኝት ስትራቴጂም ከ2022 እስከ 2032 ተዘርግቷል። ሰነዱ ጸድቋል። የቀረው ከኒውዮርክና ከጄኔቫ እስከ ቦሎሶ ቦምቤ ያለው መንገድ ነው።

አካሄዳችንም ሦስት ምዕራፍ አለው። መጀመሪያ ካልቸርና የናሙና ማጓጓዣ፣ ከእሱ ጋር ውኃና ሳሙና። ቀጥሎ በሶዶ የጂኖም ንባብ፣ በጨቅላ ሕፃናት ክፍልና በቀዶ ሕክምና ክፍል በሚገኙት ክሌብሲየላ፣ ኢ. ኮላይ፣ አሲኔቶባክተርና ስታፍ ላይ ብቻ በማተኮር። በመጨረሻ ሰውን፣ እንስሳንና ወንዙን ያገናኘ የአንድ ጤና ቅኝት። አንዱ ሳይጸና ወደ ሌላው አንዘልም።

ወላይታ ሰው በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ጉዳዩን በግልጽ የሚነጋገርበት ዱቡሻ አለው። የቅኝቱ ውጤትም እንደዚያው በአደባባይ ይነገር እንላለን፤ በየመንፈቁ ሆስፒታሉ ለሕዝቡ ቆሞ ምን ጀርም እንዳገኘ፣ ምን እንዳደረገ፣ ምን እንዳቃተው ይናገር። ሕዝቡም ይጠይቅ።

ይህን ያነበብክ የጤና ባለሙያ፣ ያነበብሽ እናት፣ ይህን የተመለከቱ ባለሥልጣን፦ ነገ ጠዋት ሊጀመር የሚችል ሥራ አለ። በአቅራቢያችሁ ወዳለው ሆስፒታል ሂዱና ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። እዚህ ካልቸር ይሠራል? ውጤቱ በስንት ቀን ይመለሳል? ባለፈው ወር የተገኘው ጀርም የትኛውን መድኃኒት እምቢ አለ? መልስ ካገኛችሁ አመስግኑ። ካላገኛችሁ እስክታገኙ ድረስ አትተዉ፤ በየወሩ ተመልሳችሁ ጠይቁ፣ ጎረቤታችሁንም ይዛችሁ ጠይቁ። ንቅናቄያችን የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው፤ አባል ለመሆንም ከመጠየቅ ሌላ መዋጮ የለውም።